የኢንተርኔት ምክር ይዛችሁ ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት

መኪናዬ ያሪስ ናት። የምነዳት እዚሁ ጎንደር ነው። አልፎ አልፎ ደባርቅ፣ አልፎ አልፎ መተማ እሄድባታለሁ። ካቻምና አንድ ቀን ከተማ ውስጥ ዳገት ስወጣ ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። ማታ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ሰው በቲክቶክ «ሞተር ከፈላባችሁ ቴርሞስታቱን አውልቃችሁ ጣሉት፤ እኔ ለስንቱ አውልቄያለሁ» ይላል። ከሥር ብዙ ሰው አመስግኖታል። በነጋታው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውኃው ወደ ራዲያተር እንዲያልፍ በሙቀት የሚከፈተውን በር፣ አስወለቅኩት።

መብራቱ ጠፋ። ደስ አለኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ገና አልሞቀም የሚለው ሰማያዊ መብራት ቶሎ አልጠፋ አለ። ቤንዚን መጠጣትም ጀመረች። ከወራት በኋላ ወደ መተማ ስወርድ፣ ከአይከል በታች ቆላው ሲጀምር፣ ሞተሩ መንገድ ላይ ፈላ። ተጎትቼ ተመለስኩ። ለካ ከመጀመሪያውም ቴርሞስታቱ ጤነኛ ነበር። ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ስጨምርበት የኖርኩት ራዲያተር በዝገትና በነጭ ደለል ተዘግቷል። የክዳኑ ጎማም አልቋል።

ከዚያ ወዲህ የኢንተርኔት ምክር መስማት አላቆምኩም። እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ እሰማለሁ። የተለወጠው የምሰማበት መንገድ ነው። «ይሄ ሰው ባለሙያ ነው ወይስ አማተር?» ብዬ ብቻ አልጠይቅም። ባለሙያ ሆኖ ስለ ሌላ ሞተርና ስለ ሌላ አገር የሚያወራ አለ። አማተር ሆኖ የእኔኑ ዓይነት ሞተር ዓመታት የነዳ፣ የለካውን በቁጥር የሚያሳይም አለ። ዋናው ጥያቄ «ይህ ምክር ለየትኛው ሞተር ነው? በምን አወቀው? ስህተት ከሆነስ ምን ይደርስብኛል?» የሚለው ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። እጃችን ላይ ያለውን ሞተር በዋዛ የምንተካው አይደለም። ስለዚህ እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያ፦ ስልክ የማይከፈትበት ጊዜ

ሁለት መብራቶች ሲበሩ ምክር አይፈለግም። አንደኛው ቀዩ የዘይት መብራት ነው። ሞተሩ እየሠራ ይህ መብራት ከበራ የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው። ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉት። «ጎንደር ልግባና አያለሁ» አትበሉ። ዘይት የማይደርሰው ሞተር ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚዞሩት ብረቶች የሚያርፉበትን ኩሽኔታ በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል።

ሁለተኛው ቀዩ የሙቀት መብራት ነው። አቁሙ፣ አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ጠብቁ። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ አትንኩ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውኃው 115 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን የከፈታችሁ ለታ ግፊቱ በአንዴ ይወጣል። ያ ሁሉ ውኃ በቅጽበት ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛውን ጎማ ቱቦ በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቅዞ፣ ስትጨምቁትም ለስልሶ ካገኛችሁት ያኔ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አትጨምሩ። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሌላው የሞተር ችግር አብዛኛው ሊታሰብበት ጊዜ ይሰጣል።

የሞተራችሁን ስም ያዙ

«ቪትዝ አለኝ» ብሎ ምክር መጠየቅ «ልጅ አለኝ፣ ምን ላብላው?» እንደማለት ነው። የስንት ዓመት ልጅ? ቪትዝ በሚለው ስም ሥር ባለ ሦስት ሲሊንደር የ1 ሊትር ሞተርም አለ፤ ባለ አራት ሲሊንደር 1.3ም አለ። የዘይቱ መጠን ይለያያል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይለያያል። ማጣሪያው፣ ፊልትሮውም፣ ሊለያይ ይችላል።

ኮፈኑን ክፈቱና የብረት ሳህኑን ፈልጉ። በአንዳንድ መኪና ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ነው፤ በአንዳንዱ በበሩ መሃል ባለው ምሰሶ ላይ ነው። ሞዴሉና የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል፤ ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ኮድም አብሮ አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪናዎች 17 ሆሄና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር የላቸውም። የእነሱ አጠር ያለ ነው፤ በሞዴሉ ኮድ ይጀምራል። የውጭ ድረ ገጾች «17ቱን አስገባ» ሲሏችሁ አልሞላ የሚላችሁ ለዚህ ነው። የሳህኑን ፎቶ አንሡ። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሞተር የተቀየረላቸው መኪናዎች ጥቂት አይደሉም። የእናንተ ሊብሬ አንድ ኮድ፣ ሞተሩ ላይ የተመታው ሌላ ኮድ ከሆነ ምክር የሚፈለገው ለሞተሩ ነው።

የእኔ ሞተር 2 ኤን ዜድ ይባላል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ከማየው ምክር ውስጥ ስንቱ እኔን እንደማይመለከት ሳይ ገረመኝ። ለምሳሌ ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር ስለሚያስኬደው የጎማ ቀበቶ ብዙ ሰው «ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ካልቀየርክ ሞተርህ ይሰበራል» ይላል። የድሮዎቹን የሃይሉክስና የሚኒባስ 5 ኤል ናፍጣ ሞተሮች ይዞ ከሆነ እውነቱን ነው። እነሱ የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ይታጠፋሉ። የእኔ ግን በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ሰንሰለት በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ ዕድሜው የሚወሰነው በዘይቱ ነው። ሰውየው አልዋሸም። የሚያወራው ስለ ሌላ ሞተር ነው።

ምክሩን ከመቀበላችሁ በፊት ቦታ ቦታ አስይዙት

እኔ የማየውን ምክር ሁሉ በሦስት እከፍላለሁ። የመካሪው ማንነት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የመጀመሪያው ማየትና መለካት ብቻ የሆነ ምክር ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ እይ፣ የባትሪውን ቮልት ለካ፣ የአየር ቱቦው ተሰንጥቆ እንደሆነ ዳስስ። ይህን ማንም ቢነግራችሁ አድርጉት። የ18 ዓመት ልጅ ከክፍሉ ሆኖ የቀረጸው ቪዲዮም ቢሆን። ምንም አትከስሩም።

ሁለተኛው ገንዘብ የሚያስወጣ ግን ወደ ነበረበት የሚመለስ ነው። ካንዴላ መቀየር፣ የአየር ፊልትሮ መቀየር፣ ሴንሰር ማጽዳት። ለዚህ ሁለት ምስክር እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው የማይመለሰው ነው። ቴስታታ ማውረድ፣ ማርሚታው ላይ ያለውን ጭስ የሚያጣራ ካታሊስት መቁረጥ፣ ሽቦ ቆርጦ ማገናኘት፣ ሞተር ውስጥ ባዕድ ፈሳሽ መጨመር። እዚህ ላይ የስልክ ምክር የቱንም ያህል ጣፋጭ ቢሆን አይበቃም። የፋብሪካው መጽሐፍና ሞተሩን በእጁ የነካ ሰው ያስፈልጋሉ።

የእኔ ስህተት ሦስተኛውን እንደ አንደኛው ማየቴ ነበር። ቴርሞስታት ማውለቅ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን ከራዲያተሩ የሚከለክል በር ነው። ብዙዎቹ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይከፈታሉ። ሲነሣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል። ኮምፒዩተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ዘይቱ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት አይተንም። ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። የጎንደር ጠዋት ብርዱ ይታወቃል፤ እዚህ ከተማ ቴርሞስታት አስፈላጊ ነው።

ቴርሞስታት ተበላሽቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ከመጣላችሁ በፊት ፈትኑት። ድስት ውስጥ ውኃ አድርጉ፣ ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥሉበት፣ ቴርሞሜትር ጨምሩ፣ ምድጃ ላይ ጣዱት። እላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ጎንደር ላይ ውኃው በ93 ስለሚፈላ 82 ወይም 88 የተጻፈበትን ቴርሞስታት ለማየት ይበቃል። ካልተከፈተ ሞቷል፤ በአዲስ ቀይሩት። ከተከፈተ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህን ፈተና ያሳየኝ ሰው መካኒክ አይደለም። መኪናውን ራሱ የሚጠግን የሒሳብ አስተማሪ ነው። «አምናችሁኝ አውልቁ» አላለም። «ራሳችሁ እዩት» ነው ያለው።

መካሪውን ከአነጋገሩ ለዩት

እውነተኛ ዕውቀት ያለው ሰው፣ የተማረም ይሁን ያልተማረ፣ አነጋገሩ ይታወቃል። መጀመሪያ ይለካል፣ ቀጥሎ ይናገራል። «እንዲህ ከሆነ ይህ፣ እንዲያ ከሆነ ያ» ይላል። የሞተሩን ኮድ ይጠቅሳል። «ይህን እኔ አላየሁም» ለማለት አያፍርም። ከሠራ በኋላ ውጤቱን ከወር በኋላ ተመልሶ ይነግራችኋል።

ሌላውም ይታወቃል። ለሁሉ በሽታ አንድ መድኃኒት አለው። የሚመክረውን ዕቃ ራሱ ይሸጣል። ማስረጃው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ «ስሙት፣ ለሰለሰ» ይላል። ተቃራኒ ጥያቄ ሲጠየቅ ይቆጣል።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። የአንድ ጓደኛዬ መኪና የሞተር መብራት በራባት። ኮምፒዩተር አስነበበ። ኮዱ ፒ 0171 ሆነ። አንድ የቴሌግራም ቡድን ላይ ጻፈ። ከአምስት ሰዎች አራቱ «ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር» አሉት። ቀየረ። ብዙ ገንዘብ ወጣበት። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ።

ፒ 0171 የሚለው «ኦክስጅን ሴንሰር ተበላሽቷል» አይደለም። «ወደ ሞተሩ ከሚገባው ቤንዚን አንጻር አየሩ በዝቷል» ነው የሚለው። ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው። አየር በተሰነጠቀ ቱቦ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የአየር መለኪያው ሴንሰር አቧራ ይዞ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ፖምፓው ደክሞ ወይም ኢንጄክተር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ከአምስቱ አንዱ፣ ብዙም የማይጽፍ ሰው፣ «ከአየር ፊልትሮው ሳጥን እስከ ሞተሩ ያለውን ላስቲክ ቱቦ አጥፈህ እጥፋቱ ውስጥ እይ» ብሎት ነበር። አላየውም ነበር። ኋላ ሲያየው ቱቦው እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ፣ ምንም የማያስወጣ ነገር።

ከዚህ የወሰድኩት አሠራር እንዲህ ነው። ኮድ ሲወጣ ፎቶ አንሡት። ሳትጽፉት አታስጠፉት። ከዚያ «ኮዱ ምን ቀይር አለ?» አትበሉ። «ኮዱ ምን አየሁ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ከርካሹና ከቅርቡ ጀምራችሁ ወደ ውዱ ሂዱ። የብዙ ሰው ድምፅ ደግሞ አያታልላችሁ። አራት ሰው አንድ ነገር ሲል አራት ምስክር መስሎን ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ከመጀመሪያው የሰሙትን ነው የሚደግሙት። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል፤ ሁለቱ ግን ለየብቻቸው ያዩ መሆን አለባቸው።

የውጩን ምክር ወደ ጎንደር አምጡት

እዚህ ላይ ባለሙያውም ያሳስታል። ክፋት ስላለው አይደለም። የሚያወራው ለአገሩ ሰው ስለሆነ ነው።

ከመለኪያው ጀምሩ። አሜሪካዊው መካኒክ 5,000 ሲል ማይል ነው፤ በእኛ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካንዴላ ሲያጠብቅ የሚጠቅሰው ቁጥር በፓውንድ ፉት ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ መፍቻ በኒውተን ሜትር ሊሆን ይችላል። የእኔ ሞተር ካንዴላ በ18 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው፤ ይህ 13 ፓውንድ ፉት ነው። 18ቱን በፓውንድ ፉት ብታጠብቁት ከልኩ ሲሶ ያህል ታልፋላችሁ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ጥርሱ ከተበላ ወጪው ከካንዴላው ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። ደባርቅ ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የሚያወራ ሰው «መኪናህ ዳገት ላይ ከደከመ ኢንጄክተር እጠብ፣ ካታሊስት ቁረጥ» ሲላችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ። ቆላ ወርዳችሁ መኪናው ጉልበቱ ከተመለሰለት በሽታ የለበትም። መተማ ስትደርሱ የሚሰማችሁ ኃይል የራሷ የመኪናዋ ነው።

ዘይት ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ክርክሩ የሚበዛው እዚህ ላይ ነውና። በእኛ ሰፈር የሚነገረው ምክር «አገሩ ሞቃት ነው፣ ሞተሩም አሮጌ ነው፣ ወፍራም ዘይት ጨምር» ነው። 20 ደብሊው 50 ይሰጧችኋል። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛው በጋለ ሞተር ውስጥ ያለውን ውፍረት ይናገራል። ሞተር በጣም የሚጎዳው ጠዋት ሲነሣ ባሉት ሰከንዶች ነው፤ ዘይቱ ገና ላይ አልደረሰም። የአሁን ሞተሮች የዘይት ቀዳዳ ጠባብ ነው። የቫልቩን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል የሚንቀሳቀሰውም በዘይት ግፊት ነው። ለእኔ ሞተር ፋብሪካው 5 ደብሊው 30 ይላል፤ የጎንደር አየርም ሞቃት የሚባል አይደለም። በሌላ በኩል ዘይት የሚበላ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለቀ ሞተር ይዞ ቆላ የሚውል ሰው በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ለሙቀት የተፈቀደውን ወፈር ያለ ዘይት መምረጡ ስህተት አይደለም። ሠንጠረዡን ሳያዩ መጨመር ነው ስህተቱ።

መጠኑም እንደዚሁ። የእኔ ሞተር ከፊልትሮው ጋር የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው። የሚሸጠው 4 ሊትር ጀሪካን ነው። «ምን ይቀራል፣ ጨርሰው» ይባላል። ዘይት ሲበዛ ከሥር የሚዞረው ክራንክ እየመታ ያርገበግበዋል፤ አረፋ የያዘ ዘይት አያለሰልስም። የተረፈችውን ይዛችሁ ሂዱ። ለመጨመሪያ ትሆናለች።

የመቀየሪያው ጊዜ ላይ ደግሞ የውጭ ባለሙያዎች ቁጥር ይበዛብናል። «ሲንተቲክ ነው፣ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላሉ። ሰፊ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ልክ ናቸው። ግን የፋብሪካውን መጽሐፍ ብትገልጡ «ለከባድ ሁኔታ» የሚል ሌላ ሠንጠረዥ አለ። አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ተደጋጋሚ መቆምና መነሣት፣ ተራራ። እዚያ የተዘረዘረው የእኛ የዕለት መንገድ ነው። ከፒያሳ ማራኪ ደርሶ መመለስ ለሞተር አጭር ጉዞ ነው፤ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። እኔ በ5,000 እቀይራለሁ። የአየር ፊልትሮንም ኮረኮንች መንገድ በሄድኩ ቁጥር አያለሁ። በአየር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከውጭ ከተነፋ አቧራው ወደ ሞተሩ በኩል ይሻገራል።

ዘይቱ ጠቆረ ብላችሁ ብቻ አትቀይሩ። ናፍጣ ሞተር አዲስ ዘይት በተጨመረለት በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ከደፈረሰ ግን ውኃ ገብቶበታል። ያኔ ሳትነዱ መካኒክ አስመጡ።

በጭራሽ የማልቀበላቸው

ማን ቢናገራቸው፣ ስንት ሰው ቢወዳቸው የማልሞክራቸው አሉ።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ሽቦ ነቅሎ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ መፈተሽ። ይህን አንጋፋ መካኒኮችም ያደርጉታል። በድሮ ሞተር ጉዳቱ ብዙ አይታይም ነበር። ኮምፒዩተር ባለው መኪና ግን ባትሪው ሲነሣ ቮልቱ ሊዘልና ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መልቲሜትር ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ጤነኛ ነው።

ሞተር በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ማጠብ። ውስጡ ለዓመታት የተጋገረው ቆሻሻ በአንዴ ይላቀቅና ከሥር ዘይቱ በሚጠራቀምበት ኮፓ ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይዘጋዋል። ንጹሕ ዘይት በጊዜው መቀየር ያው ያጥባል፤ ቀስ ብሎ።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ መቆጠብ። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህን ምክር ሲሰማ ሊደነግጥ ይገባል። ኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ፣ በዝግታ እየዞረ፣ ይጠጣል። አይቆጥብም። ፍሬኑ ብቻውን ይቀርና ይግላል።

ስትጠይቁ እንዲህ ጻፉ

ጥሩ ምክር የሚመጣው ከጥሩ ጥያቄ ነው። «መኪናዬ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ላድርግ?» ካላችሁ የምታገኙት ግምት ነው። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ያሪስ፣ 2 ኤን ዜድ ሞተር፣ አውቶማቲክ። ጎንደር። ጠዋት ሲነሣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከሞቀ በኋላ ይተዋል። የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሞላሁ ወዲህ ነው። መብራት አልበራም። የአየር ፊልትሮ አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው። ካንዴላ ከተቀየረ 30,000 ኪሎ ሜትር ሆኖታል። ምን ልለካ?»

መጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ። «ምን ልቀይር» አይደለም። ይህን ስትጽፉ ገማቹ ዝም ይላል፣ የሚያውቀው ይመጣል። ሲጽፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ ብቅ ይላል። ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልከው ነው ችግሩ ከቤንዚኑ ሊሆን እንደሚችል የታየኝ።

የቃሉ ነገር አንድ እንቅፋት ነው። የእኛ ጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የመጣ ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ኮፈን። ቪዲዮው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስፓርክ ፕለግ ካንዴላ መሆኑን፣ ሲሊንደር ሄድ ቴስታታ መሆኑን፣ ኦይል ፓን ኮፓ መሆኑን በማስታወሻ ያዙ። ቃሉ ከተምታታ ያልታመመው ዕቃ ይፈታል።

ወደ መካኒኩ ሲኬድ

ቪዲዮ ከፍቶ መካኒክ ፊት መዘርጋት ጥሩ አይደለም። 30 ዓመት እጁ በዘይት የከረመ ሰው ይከፋዋል፤ ደግሞም እውነት አለው። እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ። ከመተማ መንገድ ተጎትቼ የመጣሁ ዕለት ነው። ስለ ውኃ ፖምፓ የሚያወራ ቪዲዮ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ አሳየኋቸው። አላዩትም።

«ልጄ፣ ስልኩ ሞተሩን አላየውም» አሉኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ክዳኑን አምጣ።»

ክዳኑን ገልብጠው ጎማውን በጥፍራቸው ነኩት። ተፈረፈረ። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ዳር ዳሩ ገና ለብ ብሎ ነበር፤ መሃሉ ግን ቀዝቃዛ ነው። ውኃው በመሃል አያልፍም ማለት ነው። ይህን ያወቁት በሁለት ደቂቃ፣ ያለ መሣሪያ ነው።

አሁን እንዲህ እላለሁ፦ «ጋሼ፣ ከመቀየራችን በፊት በምን እናረጋግጠው?» ይህ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ጎበዝ መካኒክ ይወደዋል። «አያስፈልግም፣ ቀይረህ ታየዋለህ» የሚለኝ ከሆነ ሌላ ጋራዥ እጠይቃለሁ፤ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው። የወጣውን አሮጌ ዕቃም እጠይቃለሁ። አገላብጦ ማየት ያስተምራል፤ የተቀየረ መሆኑንም ያረጋግጣል።

ስልክና መካኒክ ሲጋጩስ? መጽሐፉን እከፍታለሁ። የባለቤቱ መጽሐፍ ከመኪናው ጋር ካልመጣ የብዙ ሞዴሎች መጽሐፍ በነጻ ይገኛል፤ የሞተር ኮዱን ይዛችሁ ፈልጉ። የዘይት ዓይነት፣ መጠን፣ የካንዴላ ቁጥር፣ የማጥበቂያ ልክ ላይ መጽሐፉ ይፈርዳል። ድምፅ፣ ሽታ፣ ንዝረት ላይ ደግሞ እጁ ያለበት ሰው ይፈርዳል። እነዚህን መጽሐፍ አይሰማቸውም።

ከሥራው በኋላ

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ካንዴላ፣ ፊልትሮና ሴንሰር በአንድ ቀን ከተቀየሩ የትኛው እንደፈወሰ አይታወቅም። የተመለሰ ዕለትም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደብተር ያዙ። ርካሽ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የታየው ምልክት፣ የተደረገው፣ ምክሩ ከየት እንደመጣ። እኔ የምክሩን ምንጭ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ማንን እንደምሰማ ራሱ ደብተሩ ይነግረኛል። ሦስት ጊዜ ልክ የሆነ ሰው አለ፤ ሦስት ጊዜ የሳተም አለ። አንደኛው ዲፕሎማ የለውም፣ ሌላው ትልቅ ጋራዥ አለው።

ሦስት ጊዜ ተመልከቱ። መጀመሪያ ጋራዡ በር ላይ ሞተሩ እየሠራ፤ ከሥር የሚንጠባጠብ ካለ። ሁለተኛ በነጋታው ጠዋት ሳይነሣ፤ ዘይቱንና የራዲያተሩን ውኃ ልክ፣ መሬቱንም። ሦስተኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ። የእኔ ራዲያተር ከተቀየረ፣ አዲስ ክዳንና አዲስ ቴርሞስታት ከገባ፣ በተጣራ ውኃና በኩላንት እኩል ለእኩል ከተሞላ በኋላ ሦስተኛውን ያየሁት መተማ ደርሼ ስመለስ ነበር። አይከል ላይ ቆሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። የመጠባበቂያው ዕቃ ውስጥ ያለው ውኃ በሁለቱ መስመሮች መሃል ነው። ኪሎ ሜትሩን ደብተሩ ላይ ጻፍኩና ጉዞዬን ቀጠልኩ።